በጾም የታመመ ዘይት

መቀሌ፣ ሓድነት
መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእታገኝ ልጅ ለምንትዋብ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤና ይስጥሽ፤ በሰው አገር የያዝሽው ይባረክልሽ፣ ክፉ ሰው ከመንገድሽ ይራቅ። እኔም ባለቤቴ ለተመድህንም ደህና ነን። ወንድሟ ገብረዝጊ ባገኘኝ ቁጥር «ያቺ ቀጭን ልጅ ምን አለች?» ይለኛል። እዚህ ተማሪ ሳለሽ ትርፍ አንጀትሽ ሲያምሽ በዚያች ሚኒባሱ ወደ ዓይደር ሆስፒታል ያደረሰሽ እሱ መሆኑን ለተሳፋሪው ሁሉ ሳይነግር አይውልም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በከበባው ጊዜ የሞተር ዘይት ጠፍቶ የገብረዝጊ ሚኒባስ ሁለት ዓመት ድንጋይ ላይ ቆማ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ። ሐሳቡ ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። በዚህች ከተማ በየቀኑ ከብት ይታረዳል፤ የስቡ ግማሽ ለሳሙና ይሄዳል፣ ግማሹ ቦይ ውስጥ ይጣላል። መካኒኮቻችን ደግሞ የተቃጠለውን ጥቁር ዘይት እዚያው ቦይ ውስጥ ይደፉታል። ሁለቱን ክፉ ነገሮች አንድ በጎ ነገር ላድርጋቸው ብዬ ተነሣሁ። ስቡን አቅልጬ፣ አጣርቼ፣ ወደ ሞተር ዘይት ለወጥሁት። መሬት ላይ ቢፈስ አፈሩ ይበላዋል። ከሐምሌ ጀምሮ በገብረዝጊ ሚኒባስና በስምንት ባጃጆች ላይ እየሠራ ነው። አንድም ሞተር አልተነካም።

ከባጃጆቹ ሁለቱ የጀይሉ ናቸው። ጀይሉ ከቤታችን ፊት ለፊት ጎማ የሚለጥፍ፣ ሲያሾፍ የሚውል ሰው ነው። መጀመሪያ ጀሪካኑን ይዤለት ስሄድ፣

«መምህር፣ ያረደው ማነው?» አለኝ።

«ምን አገባህ? ሞተሩ አይበላው!»

«ሞተሩ አይበላውም። እኔ ግን በነካሁበት እጄ ነው ምሳዬን የምበላው።»

ከሙስሊም ሉካንዳ የተገዛ ስብ ለይቼ በሌላ በርሜል ሠራሁለት። ጥያቄው ሥርዐት ያለው ጥያቄ ነበርና አልተቀየምሁም። ሥርዐት የሌለው ግን ሞልቷል። አንዱ «የአህያ ነው» ይላል፤ ሌላው «የጅብ ነው፤ መኪናዋ ወደ ገደል ትስባለች» ይላል። ይህ ሕዝብ የእኔን ቃል አያምንም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ወረቀት ግን ያምናል። ስለዚህ ለትምህርት ወደ እናንተ በሚመጣ ባልደረባዬ እጅ አንድ ሊትር ልኬልሻለሁ። በምትሠሪበት ቤተ ሙከራ መርምሪውና ውጤቱን እንደዚህ ደብዳቤ በኢሜይል ጽፈሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ወንድሜነህ


ሃምቡርግ
ጥቅምት 18 ቀን 2018

ለተከበርክ ለጋሼ ወንድሜነህ፤

እንዴት ከርመሃል? ለተመድህንስ? ገብረዝጊን «ቀጭኗ ልጅ ወፍራለች» በልልኝ። እናቴ ከደብረ ብርሃን በደወለች ቁጥር ስላንተ ትጠይቀኛለች፤ በጸሎቷ ስምህ ከእኔ ስም ይቀድማል። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።

ጠርሙሱ ደርሶኛል። ባልደረባህ በሦስት ካልሲ ጠቅልሎ ነው ያመጣው፤ አንደኛው ካልሲ እስከ ዛሬ ጥብስ ጥብስ ይሸታል አለኝ። አለቃዬን አስፈቅጄ ከሥራ ሰዓት ውጭ መረመርኩት። ማኅተም ልሰጥህ አልችልም፤ የምልክልህ ወረቀት የእኔ ፊርማ ብቻ ነው የሚኖረው። ውጤቱን ሳይ ግን ኮርቼብሃለሁ። በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ከመቶው ሰማንያው በስብሶ አፈር ሆኗል። ማለስለሱም ከጠበቅኩት በላይ ነው።

አንድ ነገር አለ። የተረፈውን በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ በረንዳ ላይ ረስቼው አደርኩ። ጠዋት ሳነሣው ነጭ ሆኗል። ብልቃጡን ገለበጥኩት፤ አልፈሰሰም። ደነገጥኩና ሥራ ቦታ በማቀዝቀዣ ደገምኩት። በዐሥራ ሁለት ዲግሪ መደፍረስ ጀመረ፤ በስድስት ዲግሪ እንደ ቅቤ ረጋ።

ጋሼ፣ መቀሌ በታኅሣሥ ጠዋት ስንት ዲግሪ ነው? እኔ የማስታውሰው በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬ ክፍል መግባቴን ነው። የረጋ ዘይት ሞተር ውስጥ አይዞርም፤ ዘይት ያላገኘ ሞተር ምን እንደሚሆን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እንዳይረጋ የሚያደርግ ቅመም እዚህ አለ፤ ግን መጠኑን ለማግኘት የወራት ሙከራ ይፈልጋል። ቁጥሩን ንገረኝና እንጀምር።

እኅትህ ምንትዋብ


መቀሌ
ጥቅምት 26 ቀን 2018

ለእኅቴ ለምንትዋብ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ሰማንያ በመቶ የሚለውን ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው አጨበጨቡ። ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር ክፍሌ ውስጥ ጭብጨባ ስሰማ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው፤ የመጀመሪያው መብራት የመጣ ዕለት ነበር።

ስለ በረንዳሽ የጻፍሽውንም አነበብሁ። ሃምቡርግ ሃምቡርግ ነው፣ መቀሌ መቀሌ ነው። እዚህ ጠዋት ቢበርድ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ጀርባ ይልጣል። ዘይቱ ሦስት ወር ሙሉ ሠርቷል፤ ከሥራ የሚበልጥ ምስክር የለም።

አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። ከወረቀቱ ላይ ስለ መርጋት የሚናገረውን መስመር አውጪው። ይህን ወረቀት የሚያነበው ሊቅ አይደለም፤ ሾፌር ነው፣ ጋራዥ ነው። «ይረጋል» የምትለዋን ቃል ካየ ሌላውን አያነብም። ውሸት ጻፊ አላልሁሽም፤ ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ ነው ያልሁሽ።

አንቺን ከደብረ ብርሃን አምጥቼ እቤቴ አኑሬ ያስተማርሁሽ ለውለታ አይደለም። ውለታ ቆጥሬ አላውቅም፤ ዛሬም አልቆጥርም።

ወንድሜነህ


ሃምቡርግ
ኅዳር 8 ቀን 2018

ለጋሼ ወንድሜነህ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ለተመድህን አዲስ ነጠላ እንዳሠራች ፎቶ ላከችልኝ፤ በጤና ትልበሰው።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። መስመሩ የለም።

ሦስት ቀን አስቤበት ነው የፈረምኩት። በሥራዬ አንዲት ቁጥር ደብቄ አላውቅም፤ ይህንንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አንተን እምቢ ማለት አቃተኝ። ስለዚህ በምላሹ እኔም አንድ ነገር ልለምንህ፤ ብርዱ ሳይበረታ ዘይቱን ከሁሉም ሞተር ላይ አውርደው። መጋቢት ሲገባ መልሰው። «ሙከራ ላይ ነኝ» ብትል ማንም አይጠይቅህም። ገብረዝጊ አሁንም ወደ ደጋው መንገድ ይሠራል? እንደማይሠራ ካልነገርከኝ ዕንቅልፍ አይወስደኝም።

ምንትዋብ


መቀሌ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2018

ለምንትዋብ፤

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና አይደለሁም፤ ቁጣ እንጂ በሽታ ግን የለብኝም።

ወረቀትሽን አባዝቼ በየጋራዡ ለጠፍሁት። በአንድ ሳምንት ዐሥራ ሁለት ባጃጅ ተጨመረ። ሰዎች በመንገድ ላይ ከመይ ሓዲርካ መምህር፣ እንዴት አደርህ እያሉ ይጨብጡኝ ጀመር። ከዚያ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴትዮ ከሓድነት በባጃጅ ተሳፍራ መንገድ መሐል «አውርደኝ!» ብላ ጮኸች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅጥቃ «አታስገድፈኝ! ጭስህ ጥብስ ጥብስ ይላል!» አለችው። በማግስቱ ነገሩ ዘፈን ሆነ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጎረምሶች «ባለ ባጃጅ፣ ግማሽ ኪሎ! ደረቅ ይሁን! አዋዜ አትርሳ!» ይላሉ። ሾፌሮቹ መሳለቂያ ሆኑ። የንስሐ አባቶች ተጠየቁ፤ አንዱ «ሞተር አይጾምም» ሲል ሌላው «ሞተሩ አይጾምም፣ ነጂው ግን ያሸታል» አለ። እኔ ስቤን ከሃያ ስምንት ዓመት መምህርነቴ ጋር ይዤ በአፍንጫ ፍርድ ቤት ቆምሁ!

ዓይደር መቆሚያ ላይ ደግሞ ውሾች አሉ። ባጃጆቹ ያንጠባጠቡት አስፋልቱ ላይ ነጭ ነጭ ክብ ሆኖ ያድራል፤ ውሾቹ እሱን ይልሳሉ። አንድ ጠዋት ቆጠርኋቸው፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። አይጣሉም፣ አይጮኹም፣ ይልሳሉ ብቻ። ባጃጅ ሲነሣ ተነሥተው ይከተሉታል። ሰው ይህን ቆሞ ያያል፤ ባጃጁን ትቶ በእግሩ ይሄዳል።

ባለፈው ሐሙስ የማላውቀው ሰው በሬ ላይ መጣ። ጨዋ ሰው ይመስላል፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው ያነጋገረኝ።

«የከብት ስብ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለኝ።

«ሉካንዳዎቹን ጠይቅ።»

«በጦርነቱ ጊዜም እዚሁ ነበርህ፣ አይደል?»

«እዚሁ ነበርሁ። የት ልሂድ?»

«ያን ጊዜም ትሠራ ነበር?»

«ምኑን?»

«ያን ጊዜ በብዛት የሞተው ከብት አልነበረም» ብሎ ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ምን ማለቱ እንደ ነበር የገባኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። እዚህ አልጽፈውም። ለለተመድህንም አልነገርኋትም። በማግስቱ የግቢያችን በር ከላይ እስከ ታች ስብ ተቀብቶ አገኘነው። እሷ በሙቅ ውኃ አጠበችው፤ ማን እንደ ቀባው አልጠየቀችም፤ አለመጠየቋ ነው ያስፈራኝ።

አሁን ደግሞ ይባስ ብለው ዘይቱ ታመመ ይላሉ። እስከ ኅዳር 14 ደህና ነበር፤ ጾሙ ሲገባ ተረገመ፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ይላል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይቅር ይባልና ይነሣል! ጀይሉ እንኳ ጎማውን እየነፋ፣

«መምህር፣ ዘይትህ ክርስትና የተነሣ ይመስለኛል» አለኝ። «ጠዋት አይሠራም፤ ቀትር ላይ ነው የሚፈታው።»

«አንተም እንደነሱ ታምናለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ባጃጆቼ ናቸው ከእናንተ ጋር የሚጾሙት» ብሎ ሳቀ። በበነጋው ሁለቱንም ወደ ድሮው ዘይት መለሳቸው።

ዘይት የቀን መቁጠሪያ አያነብም! ይህን ለሃያ ሾፌር ስናገር ዋልሁ። አንድም አልሰማኝም። ሁሉም አወረዱት።

እሑድ ደግሞ ገብረዝጊ መጣ። የንስሐ አባቱ እስከ ገና ድረስ አትንካው ብለውታል።

«መምህር ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ዘይቱ ጠዋት ጠዋት እኮ ይተኛል» አለኝ። «የዘይት መብራቷ በርታ ትቆያለች። እስከ ገና የድሮውን ልመልስ?»

«አንተም?»

«የጾሙን ነገር እንኳ ትቼዋለሁ...»

«የምንድን ነው ታዲያ?»

«አላውቅም። የተማርኸው አንተ ነህ።»

«አንተ ካወረድህ ነገ ከተማው ‹የገዛ አማቹ እንኳ ጣለው› ይላል። አውርደው! ካወረድህ በኋላ ግን እዚህ ቤት አትምጣ።»

ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ «ይቆይ በቃ» አለ። አንድ ሰው ቀረኝ፤ አንድ ሰው ይበቃኛል።

ስለዚህ አዲስ ወረቀት እፈልጋለሁ። ስቡ የከብት፣ የከብት ብቻ መሆኑን መርምረሽ ጻፊልኝ። ይህ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

ወንድሜነህ


ሃምቡርግ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018

ጋሼ፤

ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር በለኝ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኅዳር 15 የገባው ጾም ብቻ አይደለም። ብርዱም የገባው ያን ሰሞን ነው። በየዓመቱ አብረው ነው የሚገቡት። ሾፌሮቹ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ የሰጡት ምክንያት ነው የተሳሳተው። አንተ ግን ምክንያታቸው ስላናደደህ ያዩትንም አብረህ ጣልከው። ፀሐይ ሲሞቅ ሞተሩ የሚነሣው ይቅር ስለተባለ አይደለም፤ ዘይቱ ስለቀለጠ ነው። አስፋልቱ ላይ ያየኸው ነጭ ክብም የረጋ ዘይት ነው። በዐይንህ ቆጥረኸዋል እኮ!

ትናንት ሁለት ጊዜ ደወልኩልህ፤ አላነሣህም። የገብረዝጊን ስልክ ቁጥር ላክልኝ። የድሮው አይሠራም።

ምንትዋብ


ሃምቡርግ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2018

ጋሼ ወንድሜነህ፤

ዐሥር ቀን ሆነው። ዛሬ በለተመድህን ስልክ ብደውል አንሥተህ «በስልክ አልከራከርም» አልክና ዘጋህ። ስልኳ ለምን አንተ እጅ እንደሆነ አልገባኝም።

የምከራከርህ አይደለሁም። የምጠይቅህ አንድ ቁጥር ነው። ቴርሞሜትር ከጠረጴዛህ መሳቢያ አይጠፋም። ነገ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ዘይት መስኮት ላይ አሳድረህ እየው። እኔን አትመነኝ፤ ብርጭቆውን እመነው።

ምንትዋብ


መቀሌ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2018

ለወይዘሪት ምንትዋብ፤

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ከእኔ የተማርሽውን መልሰሽ ስላስተማርሽኝ አመሰግናለሁ።

የገብረዝጊን ቁጥር አልልክም። አንድ ሰው ነው የቀረኝ፤ እሱንም ከሃምቡርግ ሆነሽ እንድታስደነግጪብኝ አልፈቅድም። ትናንት ራሱ የማውረዱን ነገር እንደገና አንሥቶት ነበር፤ ሞተሩን ዐሥር ደቂቃ አሙቀህ ተነሣ ብዬዋለሁ። የገና መንገደኛ ስለበዛ ታኅሣሥ 26 ወደ ዓዲ ሽሑ ወጥቶ ያድራል፤ በማግስቱ ጠዋት ሰው ጭኖ በአላጀ ተራራ በኩል ወደ ማይጨው ይሻገራል። አላጀን በእኔ ዘይት ከወጣ የአህያውም የጅቡም የጾሙም ወሬ በአንድ ቀን ያበቃል።

ስለ ስቡ ዐይነት የጠየቅሁሽን ተዪው። ከእንግዲህ ከአንቺ ወረቀት አልፈልግም።

ወንድሜነህ


ሃምቡርግ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2018

ጋሼ፤

የዓዲ ሽሑን አየር ዛሬ አየሁት። ሌሊቱን ወደ ሁለት ዲግሪ ይወርዳል። ሁለት። ዘይቱ የሚረጋው በስድስት ነው። የረጋ ዘይት በዐሥር ደቂቃ አይሞቅም፤ ሞተሩ በዚያ ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ራሱን ይበላል፤ ቢተርፍም ዳገቱ ላይ ይጨርሳል።

ተሳስቼ ከሆነ በከተማው ሁሉ ፊት ስደበኝ፤ ሁለተኛ ቤትህ አልደርስም። መስመሩን አውጥቼ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ለምኜህ ብቻ ዝም ማለት አልችልም። ለተመድህንን በሰው እያስፈለግኳት ነው። አንተ ግን ቅርብ ነህ፤ አንድ ቃል ይበቃል። አውርደው በለው።

ምንትዋብ


መቀሌ
የካቲት 8 ቀን 2018

ምንትዋብ፤

ወሬውን ከእሷ እንደ ሰማሽ እናትሽ ነግራኛለች። ወደ ለተመድህን የላክሽው ሰው ታኅሣሥ 28 ደረሰ። ድንኳን ተጥሎ ነበር ያገኘን።

እንዴት እንደ ሆነ ግን ከእኔ ስሚው። ገብረዝጊ ዐሥራ አንድ ሰው ጭኖ ከዓዲ ሽሑ ተነሣ። መብራቷ በርታ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጡት አይተዋታል። ዳገቱ መሐል ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ። ሞተር ሲቆም ፍሬን እንደሚደነድን፣ መሪ እንደሚከብድ ታውቂያለሽ። ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ «ውረዱ! ድንጋይ አምጡ!» እያለ ጮኸ። ዐሥራ አንዱም ወረዱ። አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እሷ እስክትወርድ ያዘው። ድንጋይ ሊያመጡ ሲሮጡ መኪናዋ እሱን ይዛ ወደ ኋላ አመለጠች። ዐሥራ አንዱም ለቀብሩ መጥተዋል።

አሁን የምጽፍልሽን ነገር እስከ ዛሬ ለመጻፍ አቅም አጥቼ ነው የቆየሁት። ድንኳኑ ውስጥ የሚከሰኝ ሰው ስጠብቅ የሚያጽናናኝ መጣ። ያ በሬን ስብ የቀባ ከተማ ይቅር አለኝ። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው «አንተ ምን አደረግህ? በጾም ስብ ይዞ መንገድ መውጣት ነው ጠንቁ፤ የላይኛው ሥራ ነው» አሉኝ። ሌላውም እንዲሁ። ጾሙን ሙሉ የጮኽሁበትን ተረት ነጠላ አድርገው አለበሱኝ፤ ሙቀት ነበረውና አላወለቅሁትም።

ጥፋቱ ግን የትም ሳያርፍ አልቀረም። ገብረዝጊ ላይ አረፈ። የንስሐ አባቱ አትንካ ያሉትን ነክቶ፣ በጾም ተዳፍሮ ሞተ አሉት። ወዳጆቹ ሳይቀሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ስሙን የሚጠሩት። ለተመድህን ስለ ወንድሟ ኃጢአት ስግደት ተቀበለች። ጉልበቷ ሲቆስል አየሁ፤ ቅባት ገዝቼ ሰጠኋት። አስቢው፤ አፌን ዘግቼ ቅባት ገዛሁ! ዐሥር ጊዜ ልነግራት ተነሣሁ፤ ዐሥር ጊዜ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ሳምንት ያልሽውን ብርጭቆ መስኮት ላይ አሳደርሁት። ጠዋት ገልብጬ ያዝሁት፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። የእኛው የሓድነት ቤት መስኮት ላይ ነው፤ አላጀ አይደለም።

አርባው ዕለት ሰው ከተሰበሰበ በኋላ የጥቅምቱን ደብዳቤሽን አትሜ ይዤ ተነሣሁ። በሰባራ ትግርኛዬ አነበብሁላቸው። በዐሥራ ሁለት ዲግሪ ይደፈርሳል፤ በስድስት ዲግሪ ይረጋል። «ይህን ከጥቅምት ጀምሮ አውቅ ነበር» አልኋቸው። «ከወረቀቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ስቡ ኃጢአት የለበትም፤ ጾሙም አልተቆጣም። ብርድ ነው። ገብረዝጊ ሊያወርደው ፈልጎ ነበር፤ ቤቴ አትምጣ ብዬ የከለከልሁት እኔ ነኝ።» ደብዳቤሽን ግልባጭ አድርጌ ለትራፊክ ፖሊሱ መርማሪ ሰጥቻለሁ። ፊርማሽ ያለበትን ወረቀትም ሰጥቻለሁ፤ መስመሩን ያስወጣሁት እኔ መሆኔን በጽሑፍ አያይዤ። ቢጠይቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ እኔን አታድኚ።

ማንም አልጮኸብኝም። ጀይሉ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እሱ እንኳ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሽማግሌው «ተቀመጥ መምህር፣ ኀዘን ነው የሚያናግርህ» አሉ። አልተቀመጥሁም።

ለተመድህን ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ መጣች። ፊቴ ቆማ ጠየቀችኝ።

«ነግሮህ ነበር?»

«ነግሮኛል።»

«ስንት ጊዜ?»

ሁለቱን ጊዜ ለአንቺ ጽፌልሻለሁ። ሦስተኛውን ለማንም አልተናገርሁም ነበር። ታኅሣሥ 26 ሲመሽ ከዓዲ ሽሑ ደወለልኝ። «መምህር ሓወይ፣ እዚህ ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ ሾፌር የድሮውን ዘይት ልስጥህ ብሎኛል፤ ልቀይረው?» አለኝ። «ነገ አላጀን ከተሻገርህ በኋላ» አልሁት። «እሺ በቃ፣ ደህና እደር» አለ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ በዚያች ሰዓት ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ አንብቤዋለሁ።

«ሦስት ጊዜ» አልኋት።

አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ያን ቀን ወደ ቤት ከእኔ ጋር አልመጣችም፤ እስከ ዛሬም አልመጣችም። እኔ ግን ከመውጣቴ በፊት ከድንኳኑ ጀርባ ሆኜ ድምፅዋን ሰማሁት። ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄደች፣ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራች፣ «ወንድሜ ጾሙን አልሻረም፤ ሰምተሻል? ወንድሜ ጾሙን አልሻረም» እያለች ትነግራቸው ነበር።

ወንድሜነህ